ቆራጥ

የተሳፈርኩበት ባጃጅ መሀል አዳማ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ የተበጠሰ የማርሽ ሽቦ፣ ካቮ፣ አወጣና «ብረቱ ላይ እየታሸ ነው ያለቀው» አለኝ።

የእትዬ አስካለ ጅማትም እንዲሁ ነው ያለቀው።

እትዬ አስካለ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ በደርግ ጊዜ እዚሁ ናዝሬት በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። አንድ ጠዋት የግራ እጇ ትንሿ ጣት ጎብጣ አልቃና አለች። በሳምንቱ የቀለበት ጣቷ ተከተለች። ሐኪሙ የእጇን አንጓ ዳብሶ፣ «የሾለ አጥንት ጣት የሚያቃናውን ጅማት ሞርዶ በጥሶታል። አዲስ አበባ ሄደው ቶሎ ካላሠሩት የመሀል ጣትዎም ይቀጥላል» አላት።

ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የሚፈርመው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። በስብሰባ ቀን አብሬያት ሄድኩ። መፈክር ሲሰማ ሁላችንም ግራ እጃችንን ጨብጠን አነሳን። ሰው ሁሉ እጁን ሲፈታ የሷ ሁለት ጣቶች እንደተጨበጡ ቀሩ። ሊቀመንበሩ አያት።

«ተመልከቱ! ጓዲት አስካለ ጭብጧን አልፈታችም። ቆራጥ ማለት ይህች ናት!»

አዳራሹ አጨበጨበላት። በኋላ ወረቀቱን ስትጠይቀው «እንዳንቺ ያለች ቆራጥማ የአብዮት በዓሉ ሰልፍ ፊት ላይ ነው የምትቆመው፤ የት ልትሄጂ?» ብሎ ሳቀ።

«እትዬ፣ ‹ጣቴን አሞኝ ነው› ለምን አላልሽውም?» አልኳት መንገድ ላይ።

«ካስጨበጨበልኝ በኋላ? አሾፈችብኝ ብሎ ያስረኛል እንጂ።» እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «አየሽ ልጄ፣ የተቆረጠው ጅማቴ፤ ቆራጥ የተባልኩት እኔ።»

በሰልፉ ቀን የተጨበጡት ጣቶቿ ሦስት ነበሩ።

«ይኸው፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም» አለኝ ሾፌሩ፣ አዲሱን ካቮ ገጥሞ።