ከሴል ሳህን የተጠበቀ ምልክት

ሌላው ሰው ዶሮ ያረባል፣ የኔ ባለቤት ሴል ታረባለች። የሚስትህ ሥራ ምንድን ነው ሲሉኝ መልሴ ይኸው ነው፤ የሚስቅ ይሳቅ። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ የቀባሁት ግድግዳ እሑድ ጠዋት ተነሥተህ አብላኝ አይለኝም። የሷ ሴሎች ግን ዕረፍት አያውቁም። በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ፣ እንደ ሰው ገላ በሚሞቅ ካቢኔ ውስጥ፣ ክዳን ባላት ትንሽ የፕላስቲክ ሳህን ተቀምጠው ሮዝ ፈሳሽ ይቀለባሉ። ከአይጥ ፒቱታሪ የተወሰዱ ናቸው። ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር የተንጠለጠለች፣ አተር የምታህል እጢ ናት፤ ልጅን የሚያሳድገው ሆርሞን ከሷ ነው የሚመነጨው።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ወድጄ አይደለም። ልጃችን ማደግ አቆመች። እኩዮቿ ጫማ እየጠበባቸው ሲቀይሩ የሷ አልጠበባትም፤ እኔ ሞኙ ደግሞ የጫማ አያያዝ እንዲህ ነው እያልኩ አሞግሳት ነበር። ባለቤቴ ግን ጫማውን እያገላበጠች ታይ ነበር። ቆይቶ ልጅቷ ራሴን ያመኛል ማለት አበዛች፤ ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት ሐኪሟ ኤምአርአይ የሚሉትን የጭንቅላት ምስል አዘዘች። ምስሉን ተነሣች፤ ውጤቱ ሲደርስ እንደውላለን ተባልን። ለልጅቷ፣ ለራስ ምታትሽ ነው፣ ምንም አይደለም ብለን አለፍነው።

ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሰው የሚተነፍስ አይመስልም ነበር። ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ቢላዋውን እንደያዘች ፈዛ ትቀራለች። ምን ሆነሻል ስላት መክተፏን ትቀጥላለች። በመጨረሻ ደሜ ፈላና፣ የምታውቂውን ለኔም ንገሪኝ፣ ለብቻሽ አትፍሪ አልኳት። ቁጭ ብላ ነገረችኝ። እጢዋ ውስጥ ስቴም ሴል የሚባሉ፣ ገና የራሳቸውን ሥራ ያልያዙ ሴሎች አሉ። በሚያጣብቅ ፕሮቲን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተያይዘው ይኖራሉ፤ እንዲያ ተያይዘው ሳሉ እንዳሉ ይቆያሉ። ተራቸው ሲደርስ ላላ ይሉና ቦታ ይለውጣሉ፣ ሆርሞን አምራች ይሆናሉ። በጎን ደግሞ ለጎረቤቶቻቸው፣ ተባዙ የሚል ኬሚካላዊ መልእክት ይልካሉ። እጢዋ የምትሞላው እንዲህ ነው አለችኝ።

“ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራው?” አልኳት።

“መልእክቱ መቆም ሲገባው ካልቆመስ? እብጠት የሚሆነው እኮ ያ ነው።”

ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ። 

በዚህ መሀል ላቦራቶሪ ውስጥ ስሕተት ሠራች። ሴሎቹ ሳህኑን ሲሞሉ ወደ ሌላ ሳህን ይዛወራሉ። ለዚህም የሚያጣብቃቸውን ፕሮቲን የሚቆርጥ ፈሳሽ ይደረግባቸውና ወዲያው ይታጠባል፤ ከቆየ ይጎዳቸዋል። ፈሳሹን እንዳደረገች ስልኳ ጮኸ፤ ከሐኪሟ ዘንድ ነው። ውጤቱ ደርሷል፣ ዓርብ ሦስታችሁም ኑ ይላል። ስልኩን ይዛ ኮሪደር ወጣችና እዚያው ደርቃ ቀረች። ስትመለስ ሴሎቹ አንዱ ካንዱ ተለያይተው እንደ ዱቄት ይንሳፈፋሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደፍታ አዲስ ትጀምር ነበር። ያን ቀን ግን አጠበቻቸው፣ ምግባቸውን ሰጠቻቸው፣ ወደ ካቢኔው መለሰቻቸው፤ ከዚያም በልቧ፣ እነዚህ መልሰው ከተያያዙ ልጄ ደህና ናት አለች።

ወይ ጉድ። ጠንቋይ ቤት በሚሄድ ሰው ስትስቅ የኖረች ሴት! ቤት መጥታ ስትነግረኝ በጣም ተቆጣሁ። ልጃችንን ከአይጥ ሴል ጋር ምን አገናኛት አልኳት። ቁጣዬ ግን አላደረም፤ በማግስቱ ከሥራ ቦታ እየደጋገምኩ ደውዬ፣ እህ፣ ተያያዙ ወይ እያልኩ የነዘነዝኳት እኔው ነኝ።

ሐሙስ ተያያዙ። የተቆረጠባቸውን ፕሮቲን መልሰው ሠርተው ሳህኑ ላይ እጅብ ብለው አገኘቻቸው። እያለቀሰች ደወለችልኝ። እኔም ቀለም በቀለም እንደሆንኩ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዓርብ ጠዋት ባለቤቴ የልጅቷን ፀጉር ሠርታላት፣ ሠርግ የተጠራን መስለን ከቤት ወጣን።

ሐኪሟ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችው። ከእጢዋ በላይ ውሃ ያዘለ እብጠት አለ አለች። ካንሰር አይደለም፣ ግን የዓይን ነርቭ ላይ እየተጫነ ስለሆነ በቶሎ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት አለች። ልቤ ስንጥቅ አለ።  ባለቤቴ ወደ ምስሉ ጠጋ ብላ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

ልጃችን እኔንና እናቷን እያፈራረቀች ስታየን ቆየች።

“እማዬ፣ ይሄ አንቺ ሥራ ቦታ ያለው ነገር ነው አይደል? ታውቂዋለሽ?”

“አውቀዋለሁ።”

“እንግዲያው ሲያወጡት አብረሽኝ ግቢ።”

ባለቤቴ ሐኪሟን አየቻት። ሐኪሟ አይቻልም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

“አያስገቡኝም የኔ እናት። እኔ የማውቀው ሳህን ላይ ያለውን ብቻ ነው። እስከ በሩ ግን አብሬሽ እሄዳለሁ።”

ልጅቷም፣ “እሺ፣ እስከ በሩ” አለች። ከዚያ በረደኝ ብላ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ጃኬቴን አውልቄ አለበስኳት፤ ጉልበቷን አልፎ ወረደ።