«ቅጠሉን የፈጠረው እግዚአብሔር አይደለም ወይ?»

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተነስታ፣ «ጋንጃን የፈጠረው እግዚአብሔር አይደለም ወይ? ውጭ አገር ተፈቅዷል። እዚህስ ቢፈቀድ ምን ይጎዳል?» ብላ ጠየቀችኝ።

የዕለቱ አስተማሪ እኔ ነበርኩ፤ ማይኩ በእጄ ነው።

መልሱ ቤታችን ተኝቷል። ታናሽ ወንድሜ ሁለት ዓመት ካጨሰ በኋላ «ሰዎች ይከታተሉኛል» እያለ ከክፍሉ መውጣት አቆመ። ሐኪሙም ማጨሱ ሕመሙን እንዳባባሰው ነግሮናል። እናቴ ግን ለወልድያ ሰው ሁሉ «አዲስ አበባ ሥራ ይዟል» ብላለች። ዛሬም አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ እንዳልናገር በዓይኗ ትለምነኝ ነበር።

ብናገር እናቴን ማዋረድ ነው፤ ብደብቅ ልጆቹን ማታለል።

«እሬትንም የፈጠረው እሱ ነው፤ ማን ይበላዋል?» አልኩ። ሳቁ፣ አጨበጨቡ። (መምህር መሆን እንዲህ ይቀላል።) ጠያቂዋ ግን አልሳቀችም።

ቤት ገብቼ ለወንድሜ የሆነውን ነገርኩት። «ንገሪያቸው» አለኝ። «አዲስ አበባ አይደለም፣ እዚሁ ነው በያቸው።»

ዛሬ የጠየቅሽኝ እህቴ፣ መልሴ ይኸው። ወንድሜም ሲጀምር «ቅጠል እኮ ነው» ብሎኝ ነበር፤ እኔም አምኜው ዝም አልኩ። ሰውነታችን የእግዚአብሔር ማደሪያ ነው ብዬ ሳስተምር፣ ማደሪያው አጠገቤ ሲፈርስ አላየሁም። ሕግ ቢፈቅደውም ለወንድሜ ሰላሙን አይመልስለትም።

እናቴ ይህን ገና አላነበበችም፤ ጓዳ ናት፣ ድምጿ ይሰማኛል።

እናንተስ የታመመ ሰው ቤታችሁ ደብቃችሁ ታውቃላችሁ? እውነቱ እንዲነገር እናታችሁን ምን ብላችሁ አሳመናችሁ?