ግቢው እንዳይቆሽሽ

ባለፈው ሳምንት የእንደራሴያችን ወኪል ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ፣ «የእጅ ጽሕፈትህ ያምራል ይላሉ። ፊታውራሪ ለሁለተኛ ጊዜ ተመርጠዋልና የሥራና የምርጫ ታሪካቸውን በአንድ ገጽ ጻፍልን፤ በግብዣው ላይ ይነበባል» አለኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩ። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ምክንያቱን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

በመጀመሪያው ምርጫ ጊዜ አሰላ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ስለተፈለገ፣ በጎበሳ መንገድ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ምርጫውን እንዳስፈጽም ተላክሁ። ደስታዬን አልችለውም ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ የአገሩ ባለመሬት ፊታውራሪና አንድ የከተማ ነጋዴ። ብዙው ሰው ፊደል ስለማያውቅ ለፊታውራሪ ጃንጥላ፣ ለነጋዴው በሬ የተሳለበት ወረቀት ተዘጋጀ። መራጩ ሁለቱንም ይዞ ከመጋረጃ ጀርባ ይገባል፤ የፈለገውን ሳጥን ውስጥ ይከታል፤ ሌላው እጁ ላይ ይቀራል።

በዋዜማው ይህን ሁሉ ለገበሬዎቹ ሳስረዳ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። የፊታውራሪ ጭሰኛ ናቸው።

«ጌታው አያውቁብንም?»

«አባባ፣ ከመጋረጃው ጀርባ እርስዎና ፈጣሪ ብቻ ናችሁ።»

«ፈጣሪስ ከገብሴ ላይ አያባርረኝም» አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ማልልኝ፣ አስተማሪ።»

ማልኩላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሰዉ የተረፈውን ወረቀት እየጣለ ግቢውን ሞላው። እኔ ደግሞ የተዝረከረከ ነገር ማየት አልችልም። «እዚህ አትጣሉ! ይዛችሁ ውጡ!» ብዬ በአማርኛም በኦሮምኛም ጮህኩ። ሰዉም ታዘዘኝ። ይኸው የፊታውራሪ ወኪል በር ላይ ቆሞ፣ «አምጡ፣ እኔ ልጣልላችሁ» እያለ ወረቀቱን ይቀበል ጀመር። ስለረዳኝ አመሰገንኩት። አዎ፣ አመሰገንኩት።

ሽማግሌው ሲወጡ ወኪሉ የዘረጉለትን ወረቀት ገልብጦ አየና ሳቀ። «አንተ ሽማግሌ፣ ጃንጥላውን ለክረምቱ ነው ያስቀረኸው?»

እጅ ላይ የቀረው ወረቀት ሳጥን የገባውን እንደሚናገር ያኔ ገባኝ። ዘግይቶ ገባኝ።

ፊታውራሪ ተመረጡ። ሽማግሌው ገብሳቸው ሳይታጨድ ከመሬቱ ተነሡ። ልማልድላቸው ፊታውራሪ ቤት ሄድኩ። ከምሳ ተነሥተው ጥርሳቸውን በስንጥር ይጎረጉሩ ነበር።

«ማንን መረጥክ ብዬ ጠይቄዋለሁ?» አሉኝ። «ወረቀቱን በገዛ እጁ ነው ያመጣው።» ከጥርሳቸው ያወጡትን አይተው መልሰው ዋጡት።

ሽማግሌውን ወደ አቦምሳ ቆላ ሲወርዱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ባለቤታቸው አንዲት ላም ይነዳሉ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ግቢህ ንጹሕ ነበር፣ አስተማሪ» አሉና አለፉ።

በዘንድሮው ምርጫ ወረቀት የሚቀበል ሰው በር ላይ አላስፈለገም። ሁሉም የተረፈውን የበሬ ወረቀት ከፍ አድርጎ እያሳየ ወጣ።

ገጹን ትናንት ጨረስኩ። ፊታውራሪ ሁለት ጊዜ መመረጣቸውን ጻፍኩ፤ የሽማግሌውን ገብስ ጻፍኩ፤ ወኪሉ በር ላይ የሠራውን ጻፍኩ። በመጨረሻም፣ «ይዛችሁ ውጡ ብሎ ያዘዘው የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ነው» ብዬ ስሜን ፈረምኩ። አንድም ስርዝ የለበትም። ነገ ለወኪሉ እሰጠዋለሁ።