የአማቴ ብርሌ

ሃያ ሁለት ዓመት መስታወት ቆርጫለሁ። ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ውስጥ ከቲካ ሮድ ገባ ብለው ካሉት ፎቆች የግማሾቹ መስኮት በእኔ መቁረጫ አልማዝ ያለፈ ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ሩቡ ግን አይበዛብኝም። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው መስኮት አይቶ «እንዴት ያምራል» ብሎኝ አያውቅም። መስኮት ደህና ሲሆን ማንም አያየውም፤ የሚታየው ሲሰበር ነው። ይህን እንደ ሙያው ዕጣ ተቀብዬ፣ ባለቤቴ መስታወት መሥራት እስከጀመረች ድረስ በሰላም ኖርኩ።

ባለቤቴ ሁርሊንግሃም ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ለዓመታት ወጥ ስትሠራ ቆይታ ጉልበቷን ሲያማት ተወችው። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን ሩንዳ ለሚኖሩ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ምግብ መሥራት ያዘች። የሴትዮዋ ጋራዥ ውስጥ መኪና የለም። ያለው ኪልን የሚሉት፣ መስታወት የሚያቀልጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ቁራጭ መስታወት ደራርበው ያስገቡበታል፤ ቀልጦ፣ ተጣብቆ፣ ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ በነጋታው ሳህን ሆኖ ይወጣል። አንድ ቀን ባለቤቴን «እስኪ አንቺም ሞክሪ» አሏት።

ሱቄ መጥታ ከጠረጴዛው ሥር የወደቁትን ቁርጥራጮች እያየች «እነዚህን ልውሰዳቸው?» አለችኝ። «ውሰጂ፣ ቆሻሻ ከመሸከም ታሳርፊኛለሽ» አልኳት። ሁለት ቁራጭ የመስኮት መስታወት ወስዳ በመሃላቸው ከሴትዮዋ ግቢ የለቀመችውን የጃካራንዳ ቅጠል አስገባች። ቅጠሉ ተቃጥሎ ነጭ አመዱ ብቻ ቀርቷል፤ አመዱ ግን እያንዳንዷን የቅጠሉን ሥር ይዞ መስታወቱ ውስጥ ተኝቷል። ቤት አምጥታ መብራት ላይ ስትይዘው መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ይሄ እኮ የእኔ መስታወት ነው የሚል ነገር ነው የተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ በማኅበራችን ሰው በወለደ፣ ቤት በቀየረ፣ ልጅ ክርስትና ባስነሳ ቁጥር የእሷ ሳህን ስጦታ ሆነ። ለአንዷ የመዳብ ሽቦ አጥፋ ወፍ አደረገችላት። ለሌላዋ ትናንሽ አረፋዎች የቋጠረ የሻማ ማስቀመጫ ሠራችላት። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ወደ ብርሃን ያነሱታል። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ዳቦዬን እበላለሁ። ሱቄ የሚመጡ ሐበሾች ሳይቀሩ «የሳህኗ ሴትዮ ባለቤት አንተ ነህ?» ይሉኝ ጀመር። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት እንዲህ ነው። እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው ልጃችንማ ፎቶውን በስልኳ ለዓለም እየበተነች «አባዬ፣ ማሚ ጂኒየስ ናት ባና! ሃው ካም አንተ እንደዚህ ሠርተህ አታውቅም?» አለችኝ በዚያ በተደባለቀ ቋንቋዋ። ሳቅሁላት። ሳቄ ጥርሴን አላለፈም።

ቅናት ነበር፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። መልካም መልካሙን ቁራጭ ከጠረጴዛው ሥር በካርቶን ሸፍኜ፣ የተቧጨረና ጠርዙ የተሸረፈውን መርጬ እሰጣት ጀመር። የተቧጨረውን ወስዳ ጭረቱን ዝናብ አደረገችው።

አንድ ቅዳሜ አልቻልኩም፣ አብሬያት ሩንዳ ሄድኩ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስታቁላላ እኔ ጋራዥ ውስጥ ከሴትዮዋ ጋር ቆምኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የቆረጠ እጅ ነውና አራት ማዕዘኖቼ በማስመሪያ ቢለኩ የፀጉር ያህል አይዛነፉም። ለመሃሉ ቀለም እንዲሆነኝ ከመደርደሪያው አንድ አረንጓዴ የጠርሙስ ስባሪ ሳነሳ ሴትዮዋ እጄን ያዙኝ። ጠርሙስና የመስኮት መስታወት አይስማሙም አሉኝ። ሲሞቁ እኩል አይሰፉም፣ ሲበርዱ እኩል አይሰበሰቡም። ዛሬ ተጣብቀው ቢወጡ እንኳ በሳምንትም በወርም ራሳቸው ይሰነጠቃሉ። «ለባለቤትህም ንገራት፤ እስካሁን ያንተን መስታወት ብቻ ስለምትጠቀም ነገሩ አልተነሳም» አሉኝ። እሺ አልኩ።

የእኔ ሥራ በነጋታው ወጣ። ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ምንም የሌለበት ነገር ነበር። ሴትዮዋ «በጣም ጥንቁቅ ሥራ ነው» አሉ። ባለቤቴ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «ጎበዝ» አለችኝ፤ ፊደል ለቆጠረ ልጅ እንደሚባለው። ያቺን «ጎበዝ» እስከዛሬ አልረሳኋትም። መልእክቱን አልነገርኳትም።

ልጃችን ልታገባ ሦስት ወር ሲቀራት ባለቤቴ ለመልሱ አንድ ትልቅ ሳህን አሰበች። ሙሽሮቹ ከሠርጉ በኋላ ወደ እኛ ሲመለሱ ሽማግሌ ባርኮ የሚቆርሰው ድፎ ዳቦ የሚቀመጥበት፣ ኋላም ልጃችን ለቤቷ ይዛው የምትሄደው ነው። ሱቄ መጣችና ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ነገር ፈታች። የእናቷ ብርሌ አንገት ነበር። እናቷ በሞቱ ጊዜ ከአገር ቤት ያመጣችው ብርሌ ቤት ስንቀይር ተሰብሮ፣ አንገቱን ብቻ ስንት ዓመት ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው ኖራለች።

«ይሄን ሳህኑ መሃል ላቀልጠው አስቤ ነበር፤ እናቴ የልጅ ልጇ መልስ ላይ እንድትገኝ» አለችኝ። «ሴትዮዋ አገራቸው ሄደዋል፤ ቁልፉን ትተውልኛል። እስኪ አንተ የመስታወት ሰው ነህ፣ ከመስኮቱ ጋር ይስማማል?»

ከተጋባን ወዲህ ስለ ሙያዬ ስትጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። አይስማማም ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ቃል ነው። እኔ ግን የታየኝ የመልሱ አዳራሽ ውስጥ ሕዝቡ ሁሉ ሳህኑን ሲያነሳና እኔ ዳቦዬን ስበላ ነው።

«መስታወት መስታወት ነው» አልኳት።

ሳህኑ ሲወጣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። የብርሌው አንገት ተዘርግቶ፣ ደብዛዛ አረንጓዴ ክብ ሆኖ፣ ዙሪያውን የጃካራንዳው አመድ ከቦታል። ባለቤቴ አየችውና አለቀሰች። እኔ ደግሞ መጠበቅ ጀመርኩ። እሷ ገበያ ስትወጣ ሳህኑን ከፎጣው አውጥቼ ጠርዙን በጥፍሬ እመታና ድምፁን አዳምጣለሁ። አንዳንድ ቀን ይሰንጠቅና ይገላግለኝ እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን እመቤቴን እለምናለሁ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ሴትዮዋ ተሳስተው ይሆናል አልኩ፤ መንገር ቀላል የነበረበትን ጊዜ ሁሉ እንዲህ እያልኩ ጨረስኩት።

መልሱ ሁርሊንግሃም፣ ባለቤቴ ትሠራበት የነበረው ምግብ ቤት አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ዳቦው ሳህኑ ላይ ተቀምጦ መጣ፤ ሰው ሁሉ ተነሳ። ልጃችን ለባሏ ብርሌውን በጣቷ እያሳየች «ዚስ ኢዝ ማይ ግራንድማዘር» አለችው። ሽማግሌው ቢላዋቸውን አንስተው ገና «በስመ አብ» ሲሉ አንድ አጭር ድምፅ ተሰማ፤ ጣት ሲንቋቋ እንደሚሰማው ያለች። የእሳቸው ቢላዋ ዳቦውን አልነካም ነበር። ስንጥቁ የብርሌውን ክብ ዙሪያውን ዞሮ፣ ወደ ጠርዝ ሮጦ፣ ሳህኑ ለሁለት ተከፈለ።

«እንኳን በዕቃ ሆነ» አሉ ሽማግሌው ቶሎ ብለው፤ ሰውም ተቀበላቸው። ከኋላ ግን አንዲት ሴት «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ስትል ሰማኋት። ልጄም ሰማች። ተረቱ በትዳር ላይ መነገሩን የማያውቅ ሐበሻ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። ባለቤቴ ስባሪውን በነጠላዋ እየሰበሰበች «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰባራ ዕቃ ለልጄ ሰጠሁ» ትላለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ዳቦውን ይዤ ነበር።

ሴትዮዋ ከአገራቸው ሲመለሱ የጋራዡ መስኮት ነቅቶ አገኙትና እንድቀይርላቸው አስጠሩኝ። መሰላል ላይ ሆኜ መስታወቱን የሚይዘውን ስቱኮ ስቀባ ባለቤቴ ከታች የሆነውን ነገረቻቸው። «ይሄንንማ ለባለቤትሽ ነግሬው ነበር» አሉ ሴትዮዋ። «አልነገረሽም እንዴ?»

ባለቤቴ ወደ ላይ አየችኝ።

«ነግሮኛል» አለች። «እኔ ነኝ የረሳሁት።»

በባዕድ ፊት ገመናዬን ሸፈነችልኝ። ብታዋርደኝ እመርጥ ነበር። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ወደ ካሳራኒ ተመለስን። ደረጃውን ስንወጣ «ቀንቼ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «የተቧጨረውን እየመረጥህ ስትሰጠኝ ጀምሮ አውቃለሁ። እናቴ ግን ምን አደረገችህ?»

ቁልፏን አውጥታ በሩን ከፍታ ገባች።

ምግቤን ትሠራልኛለች፣ ሸሚዜን ትተኩስልኛለች፣ ሰው ሲመጣ ትስቃለች። ሱቄ ግን መምጣት ተወች። መልካም መልካሙን ቁራጭ አጥቤ፣ ጠርዙን አለስልሼ፣ በካርቶን ሞልቼ ደጅ ላይ አስቀመጥኩላት። ካርቶኑ አቧራ ለበሰ።

ባለፈው ሐሙስ በመንገዱ ማዶ ካለው ኬንያዊ መስታወት ቆራጭ ሱቅ ስትገባ አየኋት። ሰውየው ከጀመረ ሁለት ዓመት አይሞላውም፤ ሲቆርጥ እጁ ይንቀጠቀጣል። ገንዘብ ከፍላ የምትገዛው መስታወት እኔ ጋ በነጻ ተቀምጧል። ተሻግሬ ከበሩ ጎን ቆምኩ። ከነጠላዋ ጫፍ ያንኑ አረንጓዴ የብርሌ ስባሪ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ እንደማይስማማ እያወቀች፣ ይሄ ከመስኮት ጋር ይስማማል ወይ ብላ በስዋሂሊ ጠየቀችው።

ሰውየው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ሲጁዊ፣ ማማ» አለ። አላውቅም ማለቱ ነው። የሚያውቅ ሰው ጠይቆ እንደሚነግራት ጨመረላት።

ባለቤቴ ሳቀች። ለእንግዳ የምትስቀውን ሳይሆን የድሮውን፣ የእኔ የነበረውን ሳቅ። አልማዜን በኪሴ እንደያዝኩ መንገዱን ተሻግሬ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።