ቃል የሌለበት ገጽ

ሥዕል አልችልም። ክብ ልሣል ብል ድንች ይሆንብኛል። ቦንጋ ላይ በራሳችን አቅም የሥዕል ታሪኮች መጽሐፍ እናሳትም ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ በእኛ አገር ደግሞ ሐሳብ ያመጣ ሰው እዚያው ሰብሳቢ ሆኖ ይቀራል። የአማርኛ መምህር ስለሆንኩ ይሆናል፣ ሰብሳቢነቱ አልከበደኝም።

ሦስት ነበርን። አንደኛዋ የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ ማዘጋጃ ቤት የቦታ ፕላን ትሠራለች፣ በትርፍ ጊዜዋ ስልኳ ላይ የሰው ፊት ትሥላለች። ሁለተኛው ጋሼ የምንላቸው ሠዓሊ ናቸው። የከተማውን ግማሽ ሱቅ ስም በእጃቸው የጻፉት እሳቸው ነበሩ፤ የባነር ማተሚያ ከመጣ ወዲህ ግን ብሩሻቸውን የሚፈልግ ሰው ጠፍቷል። ንግግር አያበዙም። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት ለእሳቸው የተባለ ይመስለኛል። ሦስተኛው እኔ ነኝ፣ ታሪክ የምጽፈውና ቀይ እስክሪብቶ የምይዘው።

ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ባዶ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር ስለማይቻል ሁለቱ ይሥላሉ፣ እኔ አያቸዋለሁ። ልጅቷ ስለ መናኸሪያ ወያላዎች የሚያስቅ ነገር ሠራች፤ እኔ የጻፍኳቸውንም ሁለት ታሪኮች እሷው ሣለቻቸው። ጋሼ ግን የጻፍኩትን ልስጥዎት ብላቸው "የራሴ አለኝ" ብለው ጥግ ያዙ።

የእሳቸው ታሪክ ስለ ታላቅ ወንድማቸው ነበር። ማንኪራ በምትባል የጫካ መንደር፣ ቀፎ ሊሰቅል ቀረሮ የሚባል ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ወድቆ የሞተ ወጣት ነው። ጋሼ ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ዛፉ ሥር ቆመው ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህን ያህል ነገሩን፣ እኛም ከዚያ በላይ አልጠየቅንም። "የመጀመሪያውን ቅጂ ለአባቴ ነው የምወስደው" ማለታቸውን አስታውሳለሁ። አባታቸው አሁንም ማንኪራ አሉ። ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ፊደል አልቆጠሩም።

መስከረም ላይ ሥራችንን ይዘን አንድ ኮፒ ቤት ሄድን። ባለቤቱ ገጾቹን ቆጠረና ራሱን ነቀነቀ።

"ሠላሳ ሁለት አድርጉልኝ። ሠላሳ ሦስት ገጽ አይታጠፍም።"

ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ወረቀት መሐሉ ላይ ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአራት በአራት ነው የሚያድገው። ሠላሳ ስድስት ይሁን አልነው። ስቴፕለሩን አንስቶ አሳየን፤ ከሽፋኑ ጋር ያን ያህል ወረቀት አይበሳም። አንድ ገጽ መውጣት ነበረበት።

ገጾቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁና እንደ ፈተና ወረቀት አንድ በአንድ አየኋቸው። የጋሼ ታሪክ ውስጥ አንድ ገጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ዘጠኝ ሳጥኖች አሉት፣ አንድም ቃል የለውም። ሰው ገመድ ይዞ ዛፍ ይወጣል፣ በቃ። በፊተኛው ገጽ ወንድማማቾቹ ቀፎ ተሸክመው ዛፉ ሥር ይደርሳሉ፤ በሚቀጥለው ገጽ ታላቁ ይወድቃል። መውጣቱን አንባቢው ራሱ ይገምተዋል ብዬ አሰብኩ።

"ቲቸር፣ መቅድሙስ?" አለች ልጅቷ።

መቅድሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ገጽ ሙሉ፣ ስለ ሥነ ጥበብና ስለ ትውልድ።

"መጽሐፍ ያለ መቅድም ቤት ያለ በር ነው" አልኳት። የቀድሞ ተማሪዬ ስለሆነች ሳቀችና ተወችው። ወደ ሠዓሊው ዞሬ "ምን ይላሉ ጋሼ?" ስላቸው፣ ገጹን አንስተው ረዘም ላለ ጊዜ አዩትና መልሰው ሰጡኝ።

"የምታውቀው አንተ ነህ፣ መምህር" አሉ።

እሺታ መሰለኝ። ገጹን ወስጄ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ገና የቀለሙ ሽታ አልለቀቀውም ነበር። በሳምንቱ እሑድ ሁለታችን፣ እኔና ጋሼ፣ ወደ ማንኪራ ሄድን። ባጃጁ መንገዱ ጭቃ ሲሆንበት አወረደን፤ የቀረውን በጫካው ውስጥ በእግራችን ጨረስነው። መንገድ ላይ አባትየው ምን እንደሚሉ ሳስብ፣ ምርቃታቸውን ሁሉ አስቀድሜ ሰምቼው ነበር።

አባት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። በእንሰት ቅጠል ማር ቀረበልን። ጋሼ መጽሐፉን የራሳቸው ታሪክ ላይ ገልጠው ጉልበታቸው ላይ አኖሩላቸው። ሽማግሌው በካፊኖኖ ብቻ ነው የሚናገሩት፤ እኔ ቦንጋ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ከሰላምታ አላለፍኩም። ስለዚህ ጣታቸውን ብቻ ተከተልኩ። ከሳጥን ሳጥን ቀስ እያለ ሄደ፤ የእኔ ተማሪዎች እንዲህ አያነቡም። ዛፉ ሥር ደረሰ። ገጹ ተገለጠ። ልጁ ወደቀ። ጣቱ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ወደፊት ሄደ፣ እንደገና ተመለሰ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ።



"ገመዱስ? ይላሉ" አሉ ጋሼ። ሽማግሌው ቀጠሉ፣ ጋሼም ወደ እኔ ሳያዩ ቀጠሉ። "ሰው ያለው እውነት ነው ማለት ነው፣ ይላሉ። ያለ ገመድ ነው የወጣው፣ ይላሉ።"

ገጽ ጎድሏል፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ ብለው ይንገሯቸው አልኳቸው። ነገሯቸው። አባት መጽሐፉን ከደኑና በሁለት እጃቸው መለሱልኝ፤ ቁጣ የለባቸውም። ጋሼ የመጨረሻውንም ተረጎሙልኝ፤ "መጽሐፉ ላይ ከሌለ የለም፣ ይላሉ።"

ጋሼ ነግረውኝ ነገሩን የተረዳሁት በመልስ መንገድ ላይ ነው። ወጣቱ ገመዱን በግንዱ ዙሪያ አዙሮ፣ ወገቡ ላይ አስሮ፣ አባቱ እንዳስተማሩት ነበር የወጣው። ላይ ደርሶ ቀፎውን ለማስቀመጥ ሲል ገመዱን ፈታ፤ የረገጠው ቅርንጫፍ ውስጡ በስብሶ ኖሯል። ገመዱ እዚያው ላይ፣ ቅጠል ውስጥ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ዛፍ የወጣ ሰው የለም። መንደሩ ግን ጉራ ገደለው አለ፣ ያለ ገመድ እወጣለሁ ብሎ ነው አለ። ትንሹ ልጅ ገመድ ነበረው ብሎ ቢምል ማን ይሰማዋል? ለወንድሙ አዝኖ ነው አሉ። አባት አንድ ቀን ጠየቋቸውና ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሱትም። ጋሼ ሱቅ ሲጽፉ፣ ትዳር ሲይዙ፣ ሲያረጁ ይህ በመሐላቸው ነበር።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሰው ሲያፍር ይቆጣል።

"ሥዬው ነበር እኮ፣ መምህር" አሉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከመሳቢያዬ ገጹን አወጣሁና ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አንባቢ አየሁት። ሰውየው ገመዱን ከትከሻው ያወርዳል። ይዘረጋዋል፣ የሳሳ ቦታ ፈልጎ በጣቶቹ ይዳብሰዋል። ግንዱን ያቅፍበታል። ያስራል። ይጎትተዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ ይጎትተዋል። ከዚያ ነው እግሩ መሬት የሚለቀው። እኔ ሰው ዛፍ ይወጣል ብዬ ያለፍኩት ይህን ነው።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው። ስለ ትውልድ የሚያወራውን የራሴን ገጽ ትቼ የሰው ገጽ ላይ ቢላ አነሣሁ። መቅድሙን አወጣሁት። ከልጅቷ ጋር ገጾቹን እንደገና አሰለፍን፤ ባለኮፒ ቤቱ "አሁንም ሠላሳ ሁለት ነው?" ብሎ ቆጥሮ ተቀበለን። ልጅቷ ስለ በርና ስለ ቤት አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ ፈገግታዋን ግን አይቻለሁ። እስከ ዛሬም መቅድሙ የት ሄደ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ደርቆ ነበር። በዚህኛው ጉዞ ምርቃት አልጠበቅኩም። አባት መጽሐፉን አልቀበልም ይሉ ይሆናል፣ አንዴ ዘግተውታል እያልኩ ፈራሁ። ተቀበሉን። ጋሼ ገልጠው ሰጧቸው፣ ከዚያም ራቅ ብለው ቆሙ፤ ልጅ ሆነው ዛፉ ሥር የቆሙትም እንዲሁ ይመስለኛል።

ጣቱ ጀመረ። ትከሻ፣ ገመድ፣ ግንድ። ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ሽማግሌው መጽሐፉን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። አንዱን ጉተታ ነኩ። ሁለተኛውን ነኩ። ሦስተኛ ይኖር እንደሆነ ሳጥኖቹን ፈለጉ፣ የለም፣ እግሩ መሬት ለቋል። ያን ጊዜ በንዴት አንድ ነገር ተናገሩ።

"ሦስት ጊዜ ጎትት ብዬው ነበር፣ ይላሉ" አሉ ጋሼ። "ሁልጊዜ አሳየዋለሁ፣ ሁልጊዜ ሁለቴ ጎትቶ ይወጣል፣ ይላሉ።"

ሽማግሌው መዳፋቸውን ገጹ ላይ አሳረፉና አንዲት አጭር ቃል ጨመሩ። ትርጉም ባልፈልግም ጋሼ ነገሩኝ።

"እሱ ነው፣ ይላሉ።"