ሐዘን አይገባበትም የተባለው አዳራሽ

ጎረቤቷ ስትደውልላት እሷ አዳራሹ ውስጥ ለማታው ሠርግ ወንበሮቹን ጨርቅ እያለበሰች ነበር።

"እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ" አለቻት ጎረቤቷ።

በዚያ ሁሉ ባዶ ወንበር መሃል ቆማ "ግድ የለም፣ ቆሜ እሰማለሁ" አለች። ጎረቤቷ ነገረቻት፤ ወንድሟ ቁርሱን በልቶ ጋደም እንዳለ አልተነሣም።

ስልኩን ዘጋች። በእጇ የነበረውን ነጭ ጨርቅ ለወንበሩ አልብሳ ሪባኑን ከኋላ አሰረችው፤ ሥራ ጀምራ መተው አትወድም። ከዚያ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። እንባዋ የመጣው ያኔ ነው።

ኮርኒሱ የወንድሟ የእጅ ሥራ ነው። ሰፈሩ "ጀሶ" እያለ ይጠራው ነበር። ከፀጉሩ ላይ ጀሶ ጠፍቶ ስለማያውቅ፣ እውነተኛው ሽበት መቼ እንደመጣበት እሷ እንኳ ልብ አላለችም። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደጋት በዚያው ሙያ ነው። ለምን አታገባም ሲሉት "ቆይ፣ መጀመሪያ እሷን ልዳር" ይላል። እሷም ሳታገባ አረጀች፤ እሱም መልሱን ሳይቀይር አረጀ።

አዳራሹ ድሮ የትልልቅ ሰዎች መጨፈሪያ ነበር። ኋላ የጥጥ መጋዘን ሆነ፤ ጣራው አፈሰሰ፣ የኮርኒሱ የጀሶ አበቦች ረገፉ። ይታደስ ሲባል ወንድሟ መወጣጫው ላይ በጀርባው ተኝቶ አበቦቹን አንድ በአንድ መልሶ ሠራ። አቧራው ሳንባው ገባ። ጭንብል አድርግ ስትለው "አድርጌ ማንን ልዝረፍ?" ይላታል። ሳሉ ከዚያ ወዲያ አልለቀቀውም።

በምረቃው ቀን ሠራተኞቹ ጓሮ እንዲቆዩ ተነገራቸው። እሱ ቱታውን እንደለበሰ በዋናው በር ገባ፤ ሙዚቀኞቹ ሲለማመዱ ደርሶ ወንበር ስታሰናዳ የነበረችውን እህቱን እጇን ይዞ ወደ መሃል ጎተታት። ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

"ከበሮ ሲመታ ጀሶ ይንቀጠቀጣል" አለው። "የሚወድቅ ከሆነ ቀድሞ እኔ ላይ ይውደቅ ብዬ ነው። ለእንግዶቹ አስቤ።"

ጭፈራ አይችልም ነበር፤ እግሯን ደጋግሞ ረገጣት። ከላይ ግን አንድ ቅንጣት አልወረደም።

የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ መርዶውን ሰምቶ ወደቆመችበት መጣ። በዕድሜ ልጇ የሚሆን፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው።

"እትዬ፣ የፈለግሽውን ያህል ቀን ዕረፊ።"

"ቀን አልፈልግም። ተራዬን ነው የምፈልገው።"

እያንዳንዱ ሠራተኛ ለቤተሰቡ ጉዳይ አዳራሹን አንድ ጊዜ በነፃ ያገኛል። ሌሎቹ ልጅ ድረውበታል፣ ልደት አክብረውበታል። እሷ አልነካችውም፤ ወጥ ቤቶቹ "ተራሽ ሻገተ፣ ባል ፈልጊለት" እያሉ ይቀልዱባታል።

"ነገ ከቀብር መልስ ወንድሜን እዚህ እንሰናበተዋለን" አለችው።

"ደንቡን ታውቂያለሽ፣ እትዬ። እዚህ ሐዘን አይገባም። ሙሽሮች ከሰሙ አለቀልን፤ ገደ ቢስ ነው ብለው ይሸሹናል።"

"ሳሉን ያገኘው እዚህ ነው። ሐዘኑ ከዚህ ነው የወጣው፤ ቢመለስ ምን አለበት?"

"ከላይ ያሉት የሚጠይቁት እኮ እኔን ነው።"

"እሷ ናት እንቢ ያለችው በላቸው። ከፈለጉ ያባሩኝ። በሩን ከዘጋችሁት ደጃፉ ላይ እንቀመጣለን፤ የነገዋም ሙሽራ በመሃላችን ታልፋለች።"

ሥራ አስኪያጁ መሬት መሬት አየ። "እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ" አለ በመጨረሻ። "ደግሞ በጓሮ በር ግቡ።"

"በጓሮ በር አንገባም" አለችው።

በማግስቱ ከቀብር መልስ በዋናው በር ገቡ፤ ጀሶ ሠሪዎቹ፣ ቀለም ቀቢዎቹ፣ አናጢዎቹ፣ ጎረቤቶቹ። ወንበሮቹን ጨርቅ አላለበሰችም። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ ያልበዋል። በዚህ መሃል አዳራሹን ለሠርጋቸው ሊያዩ የመጡ ሁለት እጮኛሞች ደረሱ።

"የማን ድግስ ነው?" አለች ልጅቷ።

ሥራ አስኪያጁ አፉን ሳይከፍት እህትየው ቀደመችው። "ድግስ አይደለም። ይህን ኮርኒስ የሠራው ወንድሜ ሞቶብኝ ነው። ግቡ፣ ቦታ አለ።"

ልጅቷ እጮኛዋን አየችው። ከዚያ ገብታ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፤ እሱም ተከተላት። ሰዓቱ እስኪደርስ አልተነሡም።

ሰው ሁሉ ሲወጣ የአናጢዎቹ አለቃ ሥራ አስኪያጁን በር ላይ ያዘው። "እኔስ ስሞት?" አለው።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አይቶ ለማታው ሠርግ ወንበር ሊያስለብስ ገባ። ደንቡም እስካሁን አልተሻረም።