ስፒናው ላይ ያሰርኩት ፌስታል

ደሴ የምኖርበት ቤት ፊት ለፊት ጋራዥ አለ። ብርድ በጠናበት ጠዋት መካኒኮቹ ከአሮጌ መኪና ሥር ፍም ሲያስገቡ፣ የጋለ ብረትና የሞተር ዘይት ሽታ በመስኮቴ ይገባና ሻይ ይዤ ከቆምኩበት አንሥቶ መካነ ሰላም፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ያቆመኛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል፤ እኔ ግን መስኮቱን እዘጋለሁ።

አባቴ ይማም አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው። ከደጎሎ ገብስ፣ ከአጅባር ስንዴ እየጫነ ደሴ ያደርስ ነበር። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ ሲበረታ መኪናዋ እንደ እልኸኛ በቅሎ አልንቀሳቀስም ስለምትል፣ አባቴ ከቤታችን በላይ ካለው ቁልቁለት አናት ላይ አፍንጫዋን ወደታች አድርጎ ያሳድራትና፣ ጠዋት ፍሬኑን ለቆ እያንደረደረ ያስነሣት ነበር። ብርዱ ከባሰባት ደግሞ ከሥሯ ፍም ይደረግላታል። ፍሙን ከእናቴ ምድጃ ዝቄ በቆርቆሮ ተሸክሜ ዳገቱን የምወጣው እኔ ነበርኩ። አሥር ዓመቴ ነው። እናቴ ሐዋ ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ስለነበር ቤቱ ውስጥ ሌላ ልጅ አልነበረም፤ ሴት ናት ተብዬ የቀረልኝ ሥራም አልነበረም።

በበልጉ መግቢያ የአባቴ ታናሽ ወንድም እንድሪስ ከዐረብ አገር ተመለሰ። ሌላው ተመላሽ ብርድ ልብስና ቴሌቪዥን ሲያመጣ፣ እሱ አሮጌ መኪኖች የሚፈቱበት ግቢ ሲሠራ ስለነበር፣ በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣልን ከበረዶ አገር ከመጣ መኪና ላይ የፈታውን የሞተር ማሞቂያ ነበር፤ ከስንዝር የማያልፍ ብረት፣ ረዥም ገመድ፣ ጫፉ ላይ ባለ ክዳን ጥቁር ስፒና። «ማታ ከመብራት ጋር ታገናኙታላችሁ፣ ሞተሩ ሞቆት ያድራል» ሲል አባቴ ሳቀበት።

«በሐሩር አገር ኖረህ መጥተህ ስለ ብርድ ልታስተምረኝ ነው?»

ቢስቅም፣ ወንድማማቾቹ አንድ ቀን ሙሉ ዋሉበት። የራዲያተሩን ውሃ አፍስሰው፣ ከሞተሩ ጎን ያለችውን ክብ የብረት ክዳን አውጥተው፣ ማሞቂያውን በቦታዋ ከተቱና፣ ገመዱን ከሚግለው ብረት አርቀው በሽቦ እያሰሩ ወደፊት ስበው፣ ስፒናውን ከፊት መከላከያው ሥር አፉን ወደታች አድርገው በብሎን አጠበቁት። ክዳኑ ተሰንጥቆ ስለነበር እንድሪስ ከጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ከካላማዳሪ ቆርጦ አዲስ ሠራለት። ሲጨርስ እኔን ጠራኝ።

«አየሽ ፋጤ፣ ይሄ ክዳን ከላይ ዝናብ እንዳያስገባ ነው። ከታች ግን ክፍት ይሁን፤ ሾልኮ የገባ ውሃ መውጫ ይፈልጋል።»

«አብሽር!» አልኩት። ማታ ማታ ከቤት የሚመጣውን ገመድ ማገናኘት፣ ጠዋት ነቅሎ ክዳኑን መመለስ የእኔ ሥራ ሆነ፤ ፍም መሸከም በመቅረቱ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ገመዱ እስከ ቁልቁለቱ ስለማይደርስ መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ፣ ሜዳው ላይ ማደር ጀመረች። ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ ይህን አይተው «ይማም፣ መብራት ይከዳል፤ ቁልቁለት ማንን ከድቶ ያውቃል?» ቢሉት፣ አባቴ ቁልፉን አንዴ አዙሮ ሞተሩን እያስጓራ ይመልስላቸው ነበር። እንድሪስም ሥራ አገኘሁ ብሎ ወደ ወረኢሉ ሄደ።

ክረምቱ ሲገባ፣ ብርዱም ለመኪናዋ ከጥቅምቱ ውርጭ አላነሰም፣ እናቴ የመውለጃዋ ወር ተቃርቦ ነበር። ያኔ ከበድ ላለ ምጥ የሚኬደው ደሴ ስለነበር፣ አባቴ ሩቅ መንገድ መጫኑን ተወና በየማታው «ፋጤ፣ ሰካሽው? እናትሽ በያዛት ሰዓት ይቺ መኪና መነሣት አለባት» ይለኝ ጀመር። ወንድም እንደሚመጣልኝ ልቤ ነግሮኝ ነበርና፣ ይህችን ዐደራ ከሰላቴ እኩል አያት ነበር።

የነሐሴ ዝናብ ሳያቋርጥ በወረደበት ሳምንት፣ የካላማዳሪዋ ክዳን አላስተማመነችኝም። የሰፈራችን ባለሱቅ ጨውና ክብሪቱን እርጥበት እንዳይነካው በፌስታል ቋጥሮ ሲሰቅል አይ ነበር። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ» ይባል የለ? ሁለት ፌስታል ደርቤ ስፒናውን ከነመገጣጠሚያው ከላይም ከታችም ጠቀለልኩት፣ በናስትሮ ዞርኩት፣ በሲባጎም አጥብቄ አሰርኩት። እንድሪስ ያለኝን አልረሳሁትም፤ ከእሱ የበለጠ የተጠነቀቅኩ መስሎኝ ነበር። ለማንም ሳልናገር እየኮራሁ ተኛሁ።

ሱብሂ ሰላት ላይ እናቴ ጮኸች። የሰፈሩ አዋላጅ መጥታ አየቻትና «ደሙ በዛ፤ እዚህ የሚሆን አይደለም፣ ደሴ አድርሷት» አለች። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ቆላ ወርዶ ወንዝ ሞልቶበት ከዚያው ማዶ ነበር። አባቴ ሮጦ ወጥቶ ቁልፉን ቢያዞር የማስነሻው ሞተሪኖ ሁለቴ አቃስቶ ቀረ። የቤቱም መብራት አልበራ ብሏል። ገመዱን በእጁ እየዳበሰ ተከትሎ ስፒናው ጋ ደረሰ፤ እኔ ከኋላው ነበርኩ። ሲባጎውን በጥርሱ በጠሰው። ከፌስታሉ ውስጥ ውሃ ዘርገፍ ብሎ እግሩ ላይ ፈሰሰ፤ ውሃው መውጫ አጥቶ መብራቱን ከነቤቱ አጥፍቶት አድሮ ነበር።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በዚህ መሐል ጋሽ ተሰማ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን መንገድ ተመልሰው ገቡ፣ ከመስጊድ የወጡትም ተከተሏቸው፤ «ምን ሆነች?» አሉ። አባቴ ፌስታሉን ጨምድዶ ኪሱ ከተተና «መብራት ጠፍቶ አደረ» አላቸው።

 ሰው ሁሉ መኪናዋን ይገፋ ጀመር፤ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ፤ ድንጋይና ገለባ ጎዘጎዙለት፤ መልሶ ሰጠመ። እኔ ፍም እያመጣሁ ከሥሯ አደርጋለሁ፣ ዝናቡ ያጠፋዋል፣ እንደገና እሮጣለሁ፤ ጣቶቼ መቃጠላቸውን ያየሁት ማታ ነው። እናቴ በራፉ ላይ በጋቢ ተጠቅልላ «ያ አላህ! ያ አላህ!» ትል ነበር፤ ቆይቶ እሱንም ተወችው፤ እንዲያው ብትጮህ ብዬ ለመንኩ። በመጨረሻ ጋሽ ተሰማ ሁለት ጥማድ በሬ አምጥተው፣ መኪናዋን በገመድ እያስጎተቱ ቁልቁለቱ ጫፍ አደረሷት። ስትንደረደር ተነሣች። ከሱብሂ ወዲህ ሁለት ሰዓት ሄዶ ነበር። እናቴን ጫኗት፤ አባቴ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ነዳ።

በአምስተኛው ቀን እናቴ ባዶ እጇን ተመለሰች። ወንድ ነበር፤ ደሴ ተቀብሯል። ሊያጽናኗት ለሚመጡት ሁሉ አንድ ነገር ትደጋግም ነበር፦ «ሐኪሙ ‹ሁለት ሰዓት ብትቀድሙ ይተርፍ ነበር› አለኝ። ምነው ያን ሌሊት መብራት ባይጠፋ!» እኔ ጥግ ይዤ አባቴን አየዋለሁ፤ እሱ ምንጣፉን ያያል። አንድ ቀን ቢገርፈኝ ይቀለኝ ነበር፤ እጁን አላነሣብኝም፣ ነገሩንም አላነሣብኝም። ማሞቂያውን ፈቶ ጣለው፤ መኪናዋ ወደ ቁልቁለቷ ተመለሰች። እናቴ ከዚያ ወዲህ አላረገዘችም።

አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት እናቴን ለዓይኗ ሕክምና ላመጣት ሄጄ፣ ጠዋት ከመካነ ሰላም ተነሥተን በአስፋልቱ ስንበር፣ ምሳ ሳይደርስ የደሴ ቤቶች ታዩን። አባቴ ያን ቀን ደሴ የገባው ጀምበር ስትጠልቅ ነበር። እናቴ መስኮቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ቁልቁል አየችና «እንዲህ ቅርብ ኖሯል?» አለች። ቀጥላም «ምነው መብራቱ ባይጠፋ» አለች፣ እንደ ድሮው።

በልጅነቴ ዝም ያልኩት ለራሴ ፈርቼ ነበር። አሁን የሚገርፈኝ የለም። ግን እውነቱን ብነግራት፣ ዕድሜዋን ሙሉ የጸለየችለት ባሏ ለእኔ ሲል ዋሽቷት እንደኖረ መንገሬ ነው። እጇን ይዤ «አዎ እማ፣ ቅርብ ነው» አልኳት።